የርግብ አንገት

ሱዋሜ፣ ኩማሲ
ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ለባለቤቴ ለፖኩዋ፣ ለዱፊዬ እናት፤

እንዴት ሰነበትሽ? የባሕሩ አየር ለጉልበትሽ ተስማማው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ሁሉም እንደምታውቂው ነው። አቧራው ብቻ ዘንድሮ አልለቅም ብሏል። ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው ወተት የተረጨበት ይመስላል፤ ሲመሽ አምፖሉ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይታየኛል። ጎረቤቶቻችንን ሳማርር "አቧራውማ ከለቀቀ ቆየ እኮ፣ አባታችን" ይሉኛል። ምን እያሉኝ እንደሆነ አይገባኝም።

ስልክ ስደውል ዱፊዬ ታነሳና "አባዬ፣ እማዬ ተኝታለች" ትለኛለች። በጠዋትም ተኝተሻል፣ በቀትርም ተኝተሻል። ዕድሜሽን ሙሉ ከዶሮ ቀድመሽ ስትነሺ የኖርሽ ሴት ታኮራዲ ስትገቢ እንቅልፍ ወደድሽ ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ደብዳቤ ተጋድሞም ይነበባል። ፊደሎቼ እንደ ተማሪ ልጅ ፊደል ትልልቅ ሆነው ብታዪ አትሳቂብኝ። ወፍራም ብዕር ነው የያዝኩት፤ የቀጭኑ ቀለም ደብዛዛ ሆኖ አስቸገረኝ። የሚሸጡልን ነገር ሁሉ ረክሷል።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ። ከሰል ትቻለሁ። "ጥቀርሻህ የምሸጠውን ጨርቅ አበላሸብኝ" እያልሽ ስንት ዘመን ጮኽሽብኝ፤ ይኸው አሁን የጓሮው ዳስ ጭስ የሚባል የለውም። በጋዝ የሚነድ የብረት ማጋያ ምድጃ ሠራሁ። አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ፈልጌ፣ ውስጡ የቀረው ጋዝ እንዳይፈነዳብኝ በውሃ ሞልቼ ቆረጥኩት፤ ውስጡን በሸክላ ጭቃና በአመድ ለሰንኩት። ማንደጃውን ከውሃ ቧንቧ ነው የሠራሁት። ጋዙ በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ሽንቁር ይገባል፤ አየሩን ራሱ እንዲስብ ቧንቧውን በጎን በኩል ከፈትኩለት። መጀመሪያ ላይ እሳቱ አስቸግሮኝ ነበር። ወደ ኋላ እየዞረ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ፣ ጉሮሮው እንደታመመ ሽማግሌ ሲስልብኝ ዋለ። በኋላ ከሞተር ብስክሌት ጭስ ማውጫ የቆረጥኩትን ሾጣጣ አፉ ላይ ብገጥምለት ጸጥ አለ። አሁን ሲነድ ድምፁ ሩቅ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ነው። ወናፍ የለም፣ ጥቀርሻ የለም። ይሄን ሁሉ ያደረግኩት ለማን መሰለሽ?

ለምን እንደሠራሁትም ልንገርሽ፤ ሰው አልነገረሽ ከሆነ። በርጩማሽን ይዘሽ ነው የሄድሽው። በጎኑ አጋድመሽ ትተሽው ብትሄጂ ኖሮ ሰው ሁሉ "ትመለሳለች" ይለኝ ነበር። ይዘሽው ስትሄጂ ግን ማንም እንዲህ አላለኝም። ስንጋባ የሰጠሁሽ በርጩማ ነበር፤ ቦታው ላይ ወለሉ አሁንም ክብ ሆኖ ነጥቶ ይታያል። ወገኖችሽ ጋ ሽማግሌ ልኬ "ምን ላድርግ?" ብላቸው ታላቅ እህትሽ አንድ ነገር ብቻ መለሰች፤ "አዲስ በርጩማ ይዞ ይምጣ፤ ባዶ እጁን ግን እንዳይመጣ።" እሺ አልኩ። ወደ እንጨት ጠራቢዎቹ መንደር ወደ አህዊያ ሄጄ ንሲያን ጠራሁት። ያንንም የመጀመሪያውን የጠረበው እሱ ነው፣ ትዝ ይልሻል፤ ሠርጋችን ላይ የሁለት ሰው ፉፉ በልቶ "እንጨት ጠራቢ እንደ እንጨት ቆራጭ ይበላል" ያለው።

ንሲያ ነጩን እንጨት አዘጋጅቷል። ግን መጥረቢያ የለውም። እኔ የሠራሁለት አሮጌው ተሞርዶ ተሞርዶ አልቋል። ከገበያ የሚገዛውን ይዞ ሊጀምር ሲል "እንዳትነካው" አልኩት። ያኛው በርጩማ በእኔ መጥረቢያ ነው የተጠረበው፤ ይሄኛውም በእኔ ነው የሚጠረበው። በሰው ብረት የተጠረበ በርጩማ ላይ አስቀምጬ "ቤትሽ ነው" ብልሽ ደስ አይለኝም። ንሲያም "እሺ፣ ፍጠን እንጂ፣ እንጨቱ ይደርቃል" አለኝ።

ግራ የገባኝ ታዲያ እዚህ ጋ ነው፣ የዱፊዬ እናት።

ከመኪና ባሌስትራ ቆርጬ አንድ መጥረቢያ ቀጠቀጥኩ። ጥሩ ሆኖ ወጣ። አጋልኩት፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፣ ከዚያ አወለወልኩትና መልሼ ቀስ ብዬ አሞቅኩት፤ ጥንካሬው እንዲበርድለት። አንቺ እኮ ይሄን ሥራ ከዳር ሆነሽ ስታዪ ኖረሻል። የተወለወለው ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ እንደበሰለ ሙዝ ልጣጭ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሙዙ ነጠብጣብ ይጀምረዋል፣ ቀጥሎ እንደ ኮላ ፍሬ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ የርግብ አንገት ይመስላል። ለእንጨት መጥረቢያ ሙዙ ነጠብጣብ ሲጀምረው ነው የሚወጣው። ከዚያ ከቀደመ ይሰበራል፣ ካለፈ ይታጠፋል። ይሄን በእንቅልፌም ብትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። የመጀመሪያው ግን ንሲያ እጅ ላይ ሦስት ቦታ ተሸረፈ፤ ያውም በለስላሳ እንጨት።

ጥፋቱን በምድጃው አሳበብኩ። የጋዝ እሳት ብርሃኑ ይለያል፣ ብረቱ ሳይግል የጋለ ይመስለኛል አልኩ። ስለዚህ ራዲዮሽን ፈታሁት። አትቆጪ፤ ድሮም ከዝናብ ወዲህ ሲንሾካሾክ እንጂ ሲናገር አልሰማሁትም። የድምፅ ማጉያውን ማግኔት አውጥቼ በሽቦ አንጠለጠልኩት። ብረት በደንብ ሲግል ማግኔት እምቢ ይለዋል፤ እምቢ ሲለው ዘይት ውስጥ ይገባል። ዓይን አያስፈልግም። ከዘይት ሲወጣ ሞረድ አስነካሁት፤ ሞረዱ በረዶ ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። እና ምድጃው ጥፋት የለበትም። ቧንቧዬንም ስሰድበው የሰነበትኩት በከንቱ ነው።

ሁለተኛውን አስተካክዬ አጠነከርኩት ማለት ነው። ቀለሙን ለማየት ስቀመጥ ግን አንድ የማላውቀው ነገር ገጠመኝ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መስታወት አስመሰልኩት፤ ገና እሳት ሳያየው፣ እጄ ላይ ቀዝቅዞ እያለ፣ የበሰለ ሙዝ ይመስላል። ቀዝቃዛ ብረት! ደግሜ አሸሁት። ያው ሙዝ ነው። ብረቱ ከየት የመጣ ነው ብዬ የሸጠልኝን ሰውዬ ሄጄ ተጨቃጨቅኩት። "አባቴ፣ ነጭ ብረት እኮ ነው" ይለኛል እያገላበጠ። ልብሴን የምታጥበዋ ሴትም እንዲሁ ናት። ነጩን የእሑድ ጨርቄን ቢጫ አድርጋ ስትመልስልኝ ብቆጣ፣ አጠገቧ ያሉትን ሴቶች ጠርታ "እስቲ ይሄ ነጭ አይደለም?" አለቻቸው፤ ሁሉም "ነጭ ነው" አሉ። ሰዉ ሁሉ ተመካክሮ የሚያሾፍብኝ ነው የሚመስለኝ።

እንግዲህ ብረቱ ሲጀምርም ቢጫ ከሆነ፣ ሌላ ቀለም እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፤ ጠቆር ሲል አወጣሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ንሲያ መጥረቢያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠው። አፉ እንደ ቅጠል ተጠቅልሏል።

"አጄኩም፣ ይሄን ምን ልበልህ? መጥረቢያ ነው ወይስ የሾርባ ማንኪያ?"

"ባለፈው ተሸረፈ አልክ። አሁን ደግሞ ታጠፈ ትላለህ። እኔን ምን ሁን ነው የምትለኝ?"

"እኔ ምንም ሁን አልልህም። እንጨቱ ነው የሚጠይቅህ። እኔ መልእክተኛ ነኝ።"

"ምታህ ነው እንግዲህ። እጅህ አርጅቷል።"

"እጄማ አርጅቷል፤ ስለዚህ ጥሩ መጥረቢያ ስጠኝ። በል አሁን እኔ ፊት ሥራው፤ ቁጭ ብዬ አያለሁ።"

ሦስተኛው ጠንክሮ ተዘጋጅቶ ነበር። ምድጃውን አነደድኩ፣ ወፍራሙን የብረት ጠፍጣፋ አጋልኩ፣ መጥረቢያውን በጀርባው በኩል አስደገፍኩበትና ጉጠት ይዤ ቁጭ አልኩ። ንሲያ ከኋላዬ ቆሞ ሱረቱን ይስባል። ጊዜ ወሰደ። ስለ ዱፊዬ ልጆች ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

"በል አውጣው" አለኝ በመሃል።

"ገና ነው።"

"ምን ገና ነው? ነጠብጣቡ መጣ እኮ።"

"ገና ነው አልኩህ፤ እኔ ነኝ ብረት ሠሪው።"

ትንሽ ቆይቶ "ይኸው ሙዙ ሄደ" አለ። ቀጥሎ "ኮላውም ሄደ" አለ። ሊያበሽቀኝ መስሎኝ ሳቅኩ። መጨረሻ ላይ ጉጠቱን ከእጄ ቀማኝና መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ደጅ፣ ወደ ፀሐይ አወጣው።

"አጄኩም፣ ይሄ ምን ቀለም ነው?"

"ግራጫ። ወደ ጥቁር ያደላል።"

"ቀልድህን ነው?"

"ምን እቀልዳለሁ?"

"የርግብ አንገት ነው፣ አንተ ሰው። ሰማያዊ። የፖኩዋ አጎት ቀብር ላይ እንደለበስከው ጨርቅ ሰማያዊ።"

ይሄኔ ደሜ ፈላ። አንተም ከነሱ ጋር ነህ ወይ ብዬ ጮህኩበት። ታውቂያለሽ፣ ያ ቀን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አጎትሽ እኔን እንዳልወደደኝ አገር ያውቃል፤ "ብረት ቀጥቃጭ ለቤተሰባችን" ብሎ ሠርጋችንን አንድ ዓመት ያስቆየን ሰው ነው። ግን ሞት ሞት ነው። ሳጥን ከፍቼ ጥቁሩን ጨርቅ አውጥቼ ለብሼ መጣሁ። ገና ከበሩ ስገባ ሰዉ ሁሉ በጥቁርና በቀይ ተቀምጦ ፊቱን አዞረብኝ። ወንድምሽ "ሐዘናችን አስደስቶሃል ማለት ነው? ለክርስትና ነው የመጣኸው?" አለኝ በሰው ፊት። አንቺ ጎትተሽ ወደ ጓሮ ወሰድሽኝና "ለዱፊዬ ልጅ ስም ማውጣት ያሰፋሁትን ሰማያዊ ለብሰህ አጎቴን ልትቀብር መጣህ?" አልሽኝ። እኔም "ጥቁር ነው" አልኩሽ። "ጥቁር ነው" ባልኩ ቁጥር የበለጠ አለቀስሽ። አጎትሽን በመቅበርሽ ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር። ከቀብሩ መልስ በርጩማሽን ይዘሽ ሄድሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ያንን ጨርቅ ከሳጥን እያወጣሁ አየሁት መሰለሽ፤ ሁልጊዜም ጥቁር ነው። ሰው ሁሉ እንዴት በአንድ ቀን ይሳሳታል? ባለቤቴስ ለምን ከነሱ ጋር ቆመች? ይሄን ነበር ሌት ተቀን ሳብሰለስል የከረምኩት።

ንሲያ ግን አልተቆጣኝም። "እኔ ከማንም ጋር አይደለሁም። ጨርቁን አምጣው" አለኝ። ሁለቱንም አመጣሁ፤ የሐዘኑንም የደስታውንም። አግዳሚው ወንበር ላይ ዘረጋቸውና መጥረቢያውን መሃላቸው አስቀመጠ።

"የትኛው ነው ከብረቱ ጋር የሚመሳሰለው?"

"ሦስቱም አንድ ናቸው።"

"በደንብ እይ።"

በደንብ አየሁ። አጎነበስኩ፣ አፍንጫዬ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ። ሦስቱም አንድ ናቸው። ንሲያ ጀርባዬን እንዳዞር አደረገኝና ጨርቆቹን አቀያየራቸው። "ጥቁሩን ስጠኝ" አለኝ፤ ሰጠሁት። አሁንም አቀያየረ። አንዳንዴ አገኘሁት፣ አንዳንዴ ሳትኩ። ስሳሳት ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ያ ሰውዬ በገዛ አባቱ ለቅሶ ላይ እንኳ የሚያስቅ ነገር ያላጣ ነው። አልሳቀም። ጨርቆቹን ቀስ ብሎ አጣጠፈና ጭኔ ላይ አስቀመጣቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ሐኪም ቤት ሂድና ዓይንህን ይዩህ" አለኝ።

"ዓይኔ ምን ሆነ? አንተን ገና ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ አውቄህ የለም?"

"በምን አወቅከኝ?"

በአካሄዱ ነው ያወቅኩት። ግራ እግሩን ይጎትታል። ይሄን ግን አልነገርኩትም። ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ "እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ አቆይልሃለሁ። ለፖኩዋ ጻፍላት" አለኝና ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምድጃውን አላነደድኩም። ዳሱ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ሸሚዜን አያለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ፣ የማጀቱን በር አያለሁ። በሩን አረንጓዴ ቀብተነው ነበር አይደል? ወይስ ሰማያዊ? አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ቀለም ከቤት ሲወጣ በር ያንኳኳል ብዬ ነው መሰለኝ፣ አንድም ቀን ሲሄድ አልሰማሁትም። ብረቱ ዋሸኝ፣ አጣቢዋ ዋሸችኝ፣ አቧራው አልሄድ አለ፣ ወገኖችሽ አደሙብኝ፣ አንቺም አብረሻቸው ቆምሽ ስል ነበር። ይሄ ሁሉ ሰው እኔን ለማታለል ጊዜ ከየት ያገኛል? አሁን ሳስበው ማንም የዋሸ አይመስለኝም። ታዲያ ማን ነው የቀረው? ፈርቻለሁ፣ ፖኩዋ። ለሌላ ሰው አልናገርም፤ ለአንቺ ግን እናገራለሁ።

አንቺ ኬጄቲያ ገበያ ውስጥ ስትነግጂ የኖርሽ ሴት ነሽ። ደንበኛ "ቀይ ስጪኝ" ቢልሽ "የትኛውን ቀይ?" ብለሽ ስድስት ዓይነት ቀይ የምትዘረጊ። እኔ በዚያ አልችልሽም፣ ድሮም አልችልሽም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነይልኝ። ለመኖር ነይ አላልኩሽም፤ በርጩማው ሳያልቅ እንደዚያ ማለት አልችልም። ከጠፍጣፋው ብረት በቀኝ በኩል ቁሚልኝ። እኔ ጉጠቱን እይዛለሁ፣ አንቺ ብረቱን ተመልከቺ። ሙዙ ነጠብጣብ ሲጀምረው "አሁን" በዪኝ። "አሁን" ስትዪኝ አወጣዋለሁ። ገና ነው አልልሽም። ጭስ የለም፣ ልብስሽ አይቆሽሽም፤ ማንደጃው ራሱ አየር ይስባል፣ እዪውና ፍረጂ።

ናፍቀሽኛል። ኬንኬ ከመንገድ እየገዛሁ እየበላሁ ነው፤ የምትሸጠው ሴት ጨው አታውቅም።

ዱፊዬን ሳሚልኝ፣ ልጆቿንም። በወጣሽበት በገባሽበት ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፤ ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ የአጎትሽንም ነፍስ ያሳርፍልን፣ ከልቤ ነው።

ባልሽ
አጄኩም

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ የጨመርኩት፤ የአጎትሽ ሙት ዓመት ከፋሲካ በኋላ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ብትፈቅጂልኝ እመጣለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ጨርቆች ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልሽ ሹፌር ልኬልሻለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ጥቁሩ ጠርዝ ላይ በወፍራም ክር አንድ ቋጠሮ ስፊልኝ፤ ቀለሙ የፈለግሽው ይሁን። በጣቴ ስዳብሰው የማገኘው ብቻ ይሁን።